ስለ ሽንት ማቃጠልና ስለ መከላከያው

በወልድያም ሆነ በመርሳ አንዲት ሴት ሽንቷ ሲያቃጥላት ነገሩን በስሙ አትጠራውም። «ብርድ መታኝ» ትላለች፤ ወይም «ወገቤን ይዞኛል» ትላለች፤ አለዚያም ከነጭራሹ ዝም ብላ መቀነቷን አጥብቃ ትውላለች። እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ዳሩ ግን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው የስም ጉዳይ ነው። ሕመም በስሙ ካልተጠራ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ የሄደችውም ሴት ብትሆን ለወገብ የሚሰጠውን ማስታገሻ ተቀብላ ልትመለስ ትችላለች። ሐኪም የሚመረምረው የተነገረውን ነውና።

ከ«ብርድ» የባሰ ደግሞ ሌላ ስም አለ። በአገራችን ብዙ ሰው ሽንት የሚያቃጥል ሕመም ሁሉ «ጨብጥ» ይመስለዋል። ጨብጥ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ወይም ወደ ጨረቃ ዞሮ በመሽናት ይይዛል የሚለው አሮጌ እምነትም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። የዚህ እምነት አንድ ደግነት ማንንም ሰው አለመክሰሱ ነው፤ ጥፋቱን ለድንጋይና ለጨረቃ ይሰጣል። ጥቂት ትምህርት የቀመሰው ሰው ግን ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑን ያውቃል። ግማሹን ዐውቆ ግማሹን ስላላወቀ፣ ሚስቱ ወይም እጮኛው ሽንቷ ሲያቃጥላት «ከማን አመጣሽው?» ብሎ ይነሣል። ይህ አንድ ጥያቄ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህም ብዙዋ ሴት ጥያቄው እንዳይመጣባት ስትል ሕመሟን ደብቃ ትይዛለች፤ ሕመሙም ተደብቆ ሳለ ወደ ኵላሊት ይወጣል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን ከአባላዘር በሽታዎች የሚቈጠር አይደለም። ስለ አንዲት ሴት ታማኝነት የሚመሰክረውም የሚያስተባብለውም ነገር የለም። በአንድ ባል የጸናች ሚስትም፣ ወንድ የማታውቅ ልጃገረድም፣ መነኵሲትም ሊይዛት ይችላል። በዓለም ላይ ከሁለት ሴቶች አንዷ ያህል በዕድሜዋ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛታል ተብሎ ይገመታል።

የሕመሙ አመጣጥ እንዲህ ነው። በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሐዋስያን ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ስለ እርሱ መጀመሪያ የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ቴዎዶር ኤሼሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ የባክቴሪያው ሙሉ መጠሪያም ከዚሁ ሰው ስም የተወሰደ ነው። ኢ. ኮላይ በአንጀት ውስጥ ሳለ ሰላማዊ ጐረቤት ነው፤ ወደ ሽንት ፊኛ በገባ ጊዜ ግን ወራሪ ይሆናል። በወጣት ሴቶች ላይ ከሚደርሰው የፊኛ ኢንፌክሽን ከአራት ሦስቱን እጅ የሚበልጠውን የሚያመጣው እርሱ ነው። በአካሉ ዙሪያ እንደ መንጠቆ ያሉ ቀጫጭን ክሮች ስላሉት በፊኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም ይራባል።

ሴቲቱ ከወንዱ ይልቅ ለምን ትጠቃለች ቢሉ፣ ምክንያቱ አፈጣጠር ነው። ከፊንጢጣ እስከ ሽንት መውጫው ያለው ርቀት በሴት ገላ ላይ ትንሽ ነው። ከሽንት መውጫው እስከ ፊኛው የሚወስደው ቱቦም በሴት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በወንድ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከመርሳ ተነሥቶ በስሪንቃ በኩል ወልድያ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰውና ከገበያው ወደ መናኸሪያው የሚሻገር ሰው እኩል አይደክሙም፤ ባክቴሪያውም እንደዚሁ ነው።

በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ደግሞ በአካባቢው ቆዳ ላይ ያለው ባክቴሪያ በመተሻሸቱ ምክንያት ወደ ቱቦው አፍ ይገፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወንዱ ከሌላ ቦታ ያመጣው ነገር የለም፤ ባክቴሪያው ከሴቲቱ ከራሷ አንጀት የወጣ ነው። ቶማስ ሁተን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በሲያትል ከተማ 796 ወጣት ሴቶችን፣ ከእነርሱም ከፊሎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ ለስድስት ወር ያህል ተከታትለው በ1996 (እ.አ.አ.) ውጤቱን አሳትመው ነበር። ያገኙትም ነገር ግልጽ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ግንኙነት የተደረገባቸው ቀኖች በበዙ ቍጥር ሕመሙም ይበዛል። ከዚህም በቀር የወንድ ዘር የሚገድል ቅባት ከማኅፀን በር መሸፈኛ ጋር የሚጠቀሙት ሴቶች ይበልጥ ይታመማሉ። ምክንያቱም ቅባቱ በብልት ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ ለኢ. ኮላይ ቦታ ያስለቅቅለታል። በእኛ አገር ይህ ቅባት ብቻውን እንደ ወሊድ መከላከያ ብዙም አይታወቅም፤ አብዛኛዋ ሴት የምትጠቀመው መርፌ ወይም በክንድ ውስጥ የሚቀበር ነው፤ እነዚህ በዚህ በኩል አይወቀሱም። ኮንዶም የሚገዛ ሰው ግን በማሸጊያው ላይ ዘር ገዳይ ቅባት ያለበት መሆኑ ተጽፎ እንደ ሆነ አንብቦ፣ የሌለበትን ቢመርጥ ይሻላል። ኮንዶምን መተው ግን አይገባም፤ ከጨብጥና ከኤች አይ ቪ የሚጠብቀን እርሱ ነው።

ፈረንጆች ይህን ሕመም በአዲስ ሙሽሮች ላይ ስለሚያዩት «የጫጉላ ሕመም» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ስሙ ለፈረንጅ ቀልድ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ቀልድ አይደለም። ከሐብሩ ገጠር የመጣን ሁላችን ሙሽራ በጫጉላዋ ሰሞን እንዴት እንደምትሆን እናውቃለን። ውኃ አምጡልኝ ለማለት ታፍራለች፤ ወደ ውጭ ልውጣ ለማለትም ታፍራለች። ሚዜው ደጅ ላይ ነው፤ አማቶቿ ጓዳ ናቸው። ያልለመደችው ግንኙነት፣ የውኃ ጥምና የተያዘ ሽንት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገናኙባታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሽንቷ ማቃጠል ሲጀምር ማንም «አፈጣጠር ነው» አይላትም። የምትጠይቀው እናቷም በሌላ መንደር ናት። በዕድሜ ያልደረሰች ልጅ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ወንጀል አለበት፤ የጋብቻ ዕድሜ በሕጋችን 18 ዓመት መሆኑን እዚህ ላይ በዐጭሩ ማስታወስ ይበቃል።

መከላከያው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ከግንኙነት በኋላ ብዙ ሳይቈዩ መሽናት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ወደ ቱቦው የተገፋውን ባክቴሪያ ሽንቱ ጠርጎ ያወጣዋል። እውነቱን ለመናገር በጥንቃቄ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚረዳ አጥርተው አላሳዩም። ሐኪሞች ግን ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጉዳትም የሌለው ስለ ሆነ መምከሩን አልተዉም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ከዐይነ ምድር በኋላም ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ ወይም መታጠብ እንጂ ከኋላ ወደ ፊት አለማምጣት እንደዚሁ ነው። በወሎ ብዙ ሰው በውኃ የሚታጠብ ስለ ሆነ ይህ ምክር ለወረቀት ተጠቃሚ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል፤ ውኃውም የሚፈስስበት፣ እጁም የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ማስረጃ ያለው ግን ውኃ ነው። ይኸው ሁተንና ባልደረቦቹ በ2018 (እ.አ.አ.) ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በቀን ከ1.5 ሊትር ያነሰ መጠጥ የሚጠጡና ሕመሙ የሚመላለስባቸው 140 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውኃ እንዲጨምሩ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ቈዩ። በዓመቱ መጨረሻ ውኃ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጨመሩት ግን 3.2 ጊዜ ታመሙ። በአንድ ተራ ጠርሙስ ውኃ ሕመሙ በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

ውኃ ጠጡ ማለት ግን ለመናገር ይቀላል። ከወልድያ ዝቅ ሲሉ መርሳና ጊራና ቈላ ናቸው፤ ሰው በላብ ብዙ ውኃ ያጣል፤ ሽንቱም ወፍሮ ይቢጫል። «እኔማ ቡና እጠጣለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ሲደመሩ በሲኒ ልክ አንድ ብርጭቆ ቢሞሉ ነው። በጾምም ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በረመዳን የምትጾም እኅት ከፊጥራ እስከ ሱሑር ባለው ሰዓት ውስጥ ውኃውን ከፋፍላ ብትጠጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመዋም ከዘጠኝ በኋላ በምግቡ ብቻ ሳትጠመድ ለውኃው ቦታ ብትተውለት፣ ጾሙም አይፈርስ፣ ፊኛውም አይደርቅ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ሴቶች ውኃ የማይጠጡት ሳይጠማቸው ቀርቶ አይደለም፤ የሚሸኑበት ቦታ ስለ ሌላቸው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚመጣውን አውቶቡስ ያስቡ። ሌሊት ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሾፌሩ መንገድ ዳር ሲያቆም ወንዱ ሁሉ ወርዶ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞራል። ሴቶቹ ከመቀመጫቸው አይነሡም። ዐዋቂዋ ተጓዥ ከዋዜማው ጀምራ ውኃ ታቆማለች፤ ይህንንም እንደ ብልኀት ለታናሽ እኅቷ ታስተምራለች። በመርሳ ገበያ ፍራፍሬና እህል ዘርግታ ከጧት እስከ ማታ የምትውለዋ ነጋዴም እንደዚሁ ናት፤ ዕቃዋን ማን ይጠብቅላት? ወዴትስ ትሂድ? በገጠርም መጸዳጃ በሌለበት ቤት ሴቲቱ እስኪጨልም ትጠብቃለች። «ጨዋ ሴት» ሽንቷን የምትችል ናት የሚለው አስተሳሰብ በቋንቋችን ተጽፎ አይገኝም፤ በኑሯችን ግን አለ። ፊኛ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ መራገፍ ይገባዋል። በፊኛ ውስጥ የቈየ ሽንት ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

ስለዚህ ስለ ሕመሙ የሚሰጠው ምክር ሁሉ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ መጫኑ ትክክል አይመስለኝም። መንገድ የሚቈራርጡ አውቶቡሶች መጸዳጃ ባለበት ምግብ ቤት እንዲያቆሙ መጠየቅ፣ በገበያ ስፍራ በር የሚዘጋና ውኃ ያለው የሴቶች መጸዳጃ እንዲሠራ ማዘጋጃ ቤትን መጠየቅ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተማሪ ማኅበርም በየግቢው ማታ ማታ የመጸዳጃ ቤት መብራት መኖሩን ቢከታተል ሥራው ነው። መብራት በሌለበት መጸዳጃ ሌሊት ብቻዋን የምትሄድ ተማሪ ጥቂት ናት።

ከምክሮች መካከል መተው ያለባቸውም አሉ። ብልትን ውስጥ ድረስ በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በሆምጣጤ ማጠብ ንጽሕና ይመስላል፤ ነገር ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ሕመምን ይጋብዛል። ውጭውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። የወይባ ጭስ መሞቅ በወሎ የታወቀ ነገር ነው፤ ሰውነትን ያፍታታል፣ መዓዛውም ደስ ይላል፤ የፊኛ ኢንፌክሽንን ግን አያድንም። ጭስ የሞቀች ሴት ላብዋን የሚተካ ውኃ መጠጣትም አለባት። ብርድም ቢሆን ባክቴሪያ የለውም፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ብቻውን ይህን ሕመም አያመጣም። በውጭ አገር መጽሔቶች ስለ ክራንቤሪ ጭማቂ ብዙ ተጽፏል፤ ሕመሙ ለሚመላለስባቸው ጥቂት እንደሚረዳ ታይቷል። በመርሳ ብርቱካንና ፓፓያ እንጂ ክራንቤሪ አይበቅልምና በዚህ አንቸገር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሁላችንም ጥፋት አለብን። ሽንቷ ያቃጠላት ሴት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ከመድኃኒት ቤት ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን መግዛት ይቀላታል። ጓደኛዋም ከትናንት የተረፋትን ታካፍላታለች። ሁለት ቀን ውጣ ማቃጠሉ ሲቀንስ ታቆማለች። የቀረው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል። በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ከተሞች የተደረጉ ምርመራዎች እንደሚያሳዩት፣ በሽንት ውስጥ የሚገኘው ኢ. ኮላይ አምፒሲሊንንና አሞክሳሲሊንን በብዛት የሚቋቋም ሆኗል፤ ኮትሪሞክሳዞልንም እንደዚሁ ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው መድኃኒት ለፊኛ ኢንፌክሽን እስከ ዛሬ ጥሩ ሆኖ ቈይቷል፤ ነገር ግን ኵላሊት ላይ የደረሰውን አያድንም፤ በእርግዝና መጨረሻም አይሰጥም። ስለዚህ የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው። የታዘዘው አምስት ቀን ከሆነ አምስት ቀን፣ ሰባት ከሆነ ሰባት መዋጥ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ ሳለች ሆስፒታሉም፣ ጤና ጣቢያዎቹም፣ ዩኒቨርሲቲውም መዘረፋቸው ይታወሳል፤ በዚያን ወራት ሐኪም ያጣ ሰው ያገኘውን ቢውጥ የሚፈርድበት የለም። ልማዱ ከዚያ በኋላ መቀጠሉ ነው የሚያስወቅሰው።

ሕመሙ በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ የሚመላለስባት ሴት «ዕድሌ ነው» ብላ አትቀመጥ። ከግንኙነት በኋላ የሚወሰድ አንድ ፍሬ መድኃኒት ወይም ሌላ መንገድ ሐኪም ሊያዝላት ይችላል፤ የስኳር በሽታ እንዳለባትም ይመረምራታል።

እርጉዝ ሴት ደግሞ ከሌሎቹ የተለየች ናት። ምንም ሳያቃጥላት፣ ምንም ሳያማት ባክቴሪያው በሽንቷ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ካልታከመች ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ወደ ኵላሊት ሕመም ይደርሳሉ፤ የኵላሊቱም ሕመም ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። የእርግዝና ክትትል የሚባለው ነገር አንዱ ጥቅሙ የሽንት ምርመራው ነው። በእረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ ለእኅቶቻችንና ለአክስቶቻችን ይህን አንድ ነገር ብንነግራቸው በከንቱ አልተማርንም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም በየቀበሌው ሴት ባለሙያዎችን አስቀምጧል፤ ለወንድ ሐኪም ለመናገር የምታፍር ሴት ለእነርሱ መናገር ትችላለች።

ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከማቃጠሉ ጋር ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን በታች በአንድ ወገን የሚወጋ የጀርባ ሕመም፣ ማስመለስ። ይህ የኵላሊት ነገር ስለ ሆነ ለነገ አይባልም። ደም የቀላቀለ ሽንትም መታየት አለበት። መጥፎ ጠረን ያለው ወይም መልኩ የተለወጠ ፈሳሽ ከብልት የሚወጣ እንደ ሆነ፣ ወይም ቁስል ካለ፣ ያ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የአባላዘር ምርመራም ያስፈልጋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሁለቱም፣ ሴቲቱም ወንዱም፣ አብረው መታከም አለባቸው። የፊኛ ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ ግን የወንዱ መታከም አያስፈልግም፤ ከወንዱ የሚፈለገው «ከማን አመጣሽው» የሚለውን ጥያቄ ትቶ ውኃ ማቅረብ፣ ሕመሙ እስኪያልፍም መታገሥ ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «ብርድ» ማለት ይቅርና «ስሸና ያቃጥለኛል፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፤ ከጀመረኝ ይህን ያህል ቀን ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያም ለሽንት የሚሆን ትንሽ ዕቃ ይሰጣል። አሰጣጡን ብዙ ጊዜ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። አስቀድሞ እጅን መታጠብ፤ የመጀመሪያውን ሽንት መሬት ላይ መልቀቅ፤ ሳያቋርጡ መካከለኛውን በዕቃው መቀበል፤ የመጨረሻውን ደግሞ መተው። የዕቃውን ውስጡን በጣት አለመንካት። እንዲህ ካልተደረገ የቆዳው ባክቴሪያ ገብቶ ምርመራውን ያሳስታል። ሽንቱም ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ በመርሳ ሙቀትማ ከዚያም ቢፈጥን ይሻላል። ባክቴሪያውን አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳየው ካልቸር የሚባል ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ሕመሙ ለሚመላለስባትና ለእርጉዝ ሴት ግን የት እንደሚደረግ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።